ለመጀመሪያ የብርድ አገር የባሕር ጉዞ የትኛው መርከብ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው። ልጅ ሥራ ይዞ ወረቀቱ ሲስተካከልለት ደግሞ እናትና አባቱን አንድ ቦታ ወስዶ ማዝናናት ያምረዋል። ከዚህ በፊት የምሰማው ዱባይ ዱባይ ነበር። አሁን አሁን «አላስካን በመርከብ ላሳያችሁ» የሚል ልጅ እየመጣ ነው። ክሩዝ የሚባለው ማለት ነው፤ መርከቡ ራሱ ሆቴል፣ ራሱ ምግብ ቤት፣ ራሱ መጓጓዣ የሚሆንበት።

ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ትልቁ መርከብ ይሻላል ትንሹ? በረንዳ ያለው ክፍል ያዋጣል? አላስካ ወይስ ኖርዌይ?

በብርድ አገር ጉዞ የምትከፍሉት ለዓይናችሁ ነው። የውሃ መንሸራተቻ፣ ካዚኖና የሌሊት ጭፈራ ሞቃት ባሕር ላይም ሞልቷል። ስለዚህ ሁለት መርከብ ስታወዳድሩ መጀመሪያ «ከላዩ ላይ ቆሜ ምን ያህል አያለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ጥያቄ የሚቀድመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓስፖርታችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

የመርከብ ድርጅቶች ማስታወቂያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ታስቦ የተጻፈ አይደለም። የአሜሪካ ግዛት ወደሆነችው አላስካ የሚሄደው መርከብ «ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ይመለሳል» ሲባል በአሜሪካ ቪዛ ብቻ የሚያልቅ ይመስላል። አያልቅም። ትልልቆቹ መርከቦች ከሞላ ጎደል የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት፤ የባሃማስ፣ የቤርሙዳ፣ የፓናማ፣ የኔዘርላንድስ። እንደ ፈረንጆቹ በ1886 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ መርከብ ሌላ አገር ሳይነካ ሰው ከአሜሪካ ወደብ አንስቶ አሜሪካ ወደብ እንዳይመልስ ይከለክላል። ከሲያትል የሚነሱት አብዛኞቹ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚቆሙት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሱትም ማታ ነው። ለዚያች ጥቂት ሰዓት ሲባል የኛ ፓስፖርት የካናዳ ቪዛ ይጠየቅበታል። «እኔ አልወርድም፣ ክፍሌ ውስጥ እተኛለሁ» ማለት አያዋጣም። ቪዛው የሚታየው ገና ስትሳፈሩ ነው።

ግሪን ካርድ ያላቸው ተገላግለዋል። ፓስፖርትና ካርዳቸውን ይዘው ካናዳ ያለ ቪዛ ይገባሉ። ከአገር ቤት ለሚሄዱ ወላጆች ግን ሁለት ቪዛ የግድ ነው። የአሜሪካውም ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ተመልከቱ። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ አሜሪካ ገብቶ፣ በመርከብ ካናዳ ነክቶ፣ እንደገና አሜሪካ መግባት ጣጣ አለው።

መፍትሔው ካናዳን ማስቀደም ነው። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ ይበራል። ከቶሮንቶ ቫንኩቨር። እዚያ ወደ ሰሜን ብቻ የሚሄደውን መርከብ መያዝ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ዊቲየር ወይም ሱዋርድ የሚባሉ የአላስካ ወደቦች ላይ ያወርዳል። ከዚያ በባቡር ወይም በአውቶቡስ አንኮሬጅ፣ ከአንኮሬጅ በአውሮፕላን ልጆቹ ጋ። ካናዳ አንዴ፣ አሜሪካ አንዴ። ለእይታም ቢሆን እኔ የምመርጠው ይህን መስመር ነው። ከቫንኩቨር የሚነሳው በደሴቶቹ መሃል ባለው የተከለለ ውሃ ስለሚያልፍ ብዙም አይናወጥም። ከሲያትል የሚነሱት ግን ብዙዎቹ የቫንኩቨርን ደሴት በውጭ በኩል፣ በክፍት ውቅያኖስ ነው የሚዞሩት። ባሕር የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን እያስመለሰ ባይጀምር ይመረጣል።

ኖርዌይ የሸንገን ቪዛ ነው። እዚህም ጉድጓድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ የመልስ መጠበቂያውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ወስኗል። ስለዚህ ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን የሚነሳ መርከብ ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት፤ የእንግሊዝም የሸንገንም ቪዛ ይጠይቃል። ስቫልባርድ የሚደርሰውንም ተዉት። ደሴቶቹ የኖርዌይ ናቸው፤ ከሸንገን ክልል ግን ውጭ ናቸው። ሄዶ መመለስ እንደገና እንደመግባት ይቆጠራል። ከራሷ ከበርገን፣ ወይም ከጀርመን ወደቦች ከሃምቡርግና ከኪል የሚነሳ ከያዛችሁ ሁሉም በአንድ ቪዛ ያልቃል።

አላስካ ወይስ ኖርዌይ?

አላስካ የሚኬደው በረዶ ለማየት ነው። ተራራ የሚያህል የበረዶ ግግር ከባሕሩ ዳር ቆሞ እየተሰነጠቀ ሲወድቅ። በዚያ ላይ ዓሣ ነባሪ አለ፣ ራሰ በራው ንስር አለ። ኖርዌይ ደግሞ ገደል ነው። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ማየት የሚወድ ሰው ፊዮርዱን ይወደዋል። እንደዚያ ያለ ገደል ነው፤ ሥሩ ግን ባሕር ነው፣ እናንተም ያላችሁት ከታች ነው።

አላስካን ከመረጣችሁ መርሐ ግብሩ ላይ አንድ ስም ፈልጉ፤ ግሌሸር ቤይ። ብሔራዊ ፓርክ ነው። በቀን ከሁለት ትልልቅ የሽርሽር መርከብ በላይ አያስገባም። ፈቃዱን በብዛት የያዙት ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ የሚባሉት የመርከብ ድርጅቶች ናቸው። መርከቡ ወደብ አይዝም፤ ቀኑን ሙሉ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራሸራል። ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈሩና በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። በ1794 የእንግሊዙ ካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ይህ ሁሉ ውሃ አልነበረም፤ ባሕረ ሰላጤው በሙሉ ማለት ይቻላል በበረዶ የተሞላ ነበር። አሁን በረዶው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸሽቷል።

እዚያ ቀን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማርጀሪ የሚባለው ግግር ፊት ለፊት መርከቡ ሞተሩን ቀንሶ ይቆማል። ፊቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው፤ ከውሃው በላይ 70 ሜትር አካባቢ ይቆማል። ቀለሙ ነጭ ብቻ አይደለም፤ ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ነው። ሰው ሁሉ ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል። ቁራጩ ሲወድቅ ድምፁ ከዓይን ኋላ ነው የሚደርሰው። ድምፅ ሰምቶ ዞር የሚል ሰው የሚያየው ማዕበሉን ብቻ ነው። የአገሩ ሰዎች ትሊንጊቶች ይህን ድምፅ ነጭ ነጎድጓድ ይሉታል። ስለዚህ ወሬውን ተዉና ዓይናችሁን ከበረዶው አትንቀሉ።

ግሌሸር ቤይ የሌለበት መርከብ ሃባርድ የሚባለውን ግግር ሊያሳይ ይችላል። እሱም ቀላል አይደለም፤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ፊቱም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤንዲኮት አርም የሚሉት ሦስተኛው አማራጭ ጠባብ ሸለቆ ነው። ተንሳፋፊ በረዶ ከበዛ መርከቡ እስከ መጨረሻው ላይዘልቅ ይችላል። ጎረቤቱ ትሬሲ አርም ደግሞ በኦገስት 2025 ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶበታል። የድሮ ማስታወቂያ ላይ ስሙን ካያችሁ ወኪሉን ጠይቁ። ማስታወቂያው «የበረዶ ግግር እይታ» ብሎ ስም ካልጠራ ደግሞ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ኖርዌይን ከመረጣችሁ የምትፈልጉት ስም ጋይራንገር የሚባለው ፊዮርድ ነው። በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከ10,000 ቶን በታች የሆኑ የመንገደኛ መርከቦች ጭስ ሳያወጡ ካልሆነ እዚያ አይገቡም፤ ትልልቆቹ እስከ 2032 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ በትንሽ መርከብ የምትሄዱ ከሆነ ፊዮርዱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን በጽሑፍ አረጋግጡ።

አንታርክቲካ የሚለኝም ሰው አለ። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ የድሬክን ባሕር መሻገር ብቻ ለመሄድ ሁለት ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በክፉ ማዕበሉ የታወቀ ነው። ዋጋውም አይቀመስም። ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ እዚያ ሰው ማውረድ እንኳ አይፈቀድለትም።

ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ

ትልቁ 4,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚጭነው ነው። ኦቬሽን ኦፍ ዘ ሲስና ኖርዌጂያን ብሊስ ከዚህ ወገን ናቸው። ልጆች ካሉ ይሄ ነው። ውስጡ ይሞቃል፣ መጫወቻው ብዙ ነው፣ በሰው ሲካፈል ዋጋውም ረከስ ይላል። ትልቅነቱ ማዕበል ያስችለዋል። ብሊስ ለአላስካ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከፊት በኩል በመስታወት የተከበበ ሰፊ መቀመጫ አለው፤ ቡና ይዞ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ችግሩ ሰው ነው። በረዶው ጋ ሲደረስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አጥሩ ይሮጣል። ወደብ ላይም እንደዚያው። ስካግዌይ ነዋሪዋ ከሺህ ብዙም አይዘልም። አንድ እንዲህ ያለ መርከብ ሲደርስባት ከተማዋ እንግዳ ብቻ ትሆናለች። የአላስካዋ ዋና ከተማ ጁኖ ሰው ስለበዛባት ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይቆም አድርጋለች። ከወረፋ ሽሽት የወጣ ሰው ወረፋ ይጠብቀዋል።

መካከለኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሰው አካባቢ የሚይዘው ነው። እንደ ዛንዳምና ኮኒንግስዳም ያሉት የሆላንድ አሜሪካ መርከቦች እዚህ ይመደባሉ። ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ሳላመነታ። ተሳፋሪው በአብዛኛው በዕድሜ የገፋ ነው። ማታ በጊዜ ይተኛሉ፣ ጫጫታ የለም። ሐኪም አለ፣ ሊፍት አለ። ከሁሉ በላይ ግን የመርከቡን ፎቆች ካርታ ክፈቱና ዙሪያውን የሚያስኬድ ክፍት መተላለፊያ መኖሩን እዩ። ዛንዳም ላይ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየዞራችሁ ታያላችሁ ማለት ነው። ብዙ አዳዲስ መርከቦች ይህን ቦታ በረንዳ ላላቸው ክፍሎች ሸጠውታል፤ ክፍሉን ያልገዛ ሰው ማየት የሚችለው ከላይኛው ፎቅ፣ ነፋስ ላይ ቆሞ ነው።

ትንሹ ከ200 ሰው በታች የሚይዘው ነው። ዓይን የጠገበ ጉዞ ከፈለጋችሁ ከዚህ የሚስተካከለው የለም። ትልቁ የማይገባበት ሰርጥ ይገባል፣ ድብ ዳር ላይ ከታየ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ላይ እንደ አንክሩዝና አሜሪካን ክሩዝ ላይንስ ያሉት ድርጅቶች መርከቦች የአሜሪካ ባንዲራ ስለሚያውለበልቡ የ1886ቱ ሕግ አይነካቸውም። ከጁኖ ተነስተው ጁኖ ይመለሳሉ፤ ካናዳን አይረግጡም። የካናዳ ቪዛ ለተከለከለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዋጋው ከትልቁ መርከብ በብዙ እጥፍ ነው። ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፣ ሐኪም የሌላቸውም አሉ። ወደ ጎማ ጀልባ መውረድ፣ በጭቃ መሄድ አለ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አይሆንም። ጓሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውል ጎረምሳ ግን ሌላውን እንዳያይ።

ኖርዌይ ላይ አንድ ለየት ያለ አማራጭ አለ። ሁርቲግሩተን ይባላል። አገልግሎቱ የተጀመረው በ1893 ነው፤ አሁን ከበርገን ሩሲያ ድንበር አጠገብ እስካለችው ኪርከነስ ይመላለሳል፤ 34 ወደብ ይነካል፣ ደርሶ መልሱ 12 ቀን ይፈጃል። ዕቃ ይጭናል፣ የመንደሩም ሰው ከአንዱ ወደብ ሌላው ይሳፈርበታል። አሁን በዚያው መስመር ሃቪላ የሚባልም አለ። ጭፈራና ትርኢት አትጠብቁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደብ ሲይዝ የዕቃ ማንሻው መኪና (ፎርክሊፍት) ድምፅ ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል። እኔ ግን ከሽርሽር መርከብ ይልቅ ይህን የምወድበት ምክንያት አለኝ። አገሩ ሲኖር ይታያል። ክረምታቸውን፣ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ያለውን፣ ከመረጣችሁ ደግሞ የሰሜኑን ብርሃን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት ዕድሉ አለ። ሰማዩ ከጠራ ነው እንጂ ቃል የሚገባላችሁ የለም።

የትኛው ክፍል?

መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይወጣል። ትልቅ መርከብ ከሆነ በረንዳውን ግዙ፤ አጥሩ ላይ ከሚጋፋ ሰው ያድናችኋል። ዙሪያውን የሚያስኬድ መካከለኛ መርከብ ከሆነ ግን መስኮት ይበቃል። በተረፈው ገንዘብ ጁኖ ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚወስደውን ጀልባ ያዙ። መቆም የሚያቅታቸው አዛውንት ካሉ ለእሳቸው ሲባል በረንዳው ይሁን።

መስኮት ያለው ስትመርጡ «እይታው የተከለለ» የሚል ጽሑፍ ካለ የነፍስ አድን ጀልባ ተጋርዶበታል ማለት ነው። ማዞር የሚፈራ ሰው ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ይያዝ፤ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል። ከላይና ከታች ምን እንዳለም እዩ። ከወጥ ቤት ወይም ከጭፈራ ቤት ሥር ከሆነ እንቅልፍ የለም። የቀኝና የግራ ነገር ብዙ አያስጨንቃችሁ። ግሌሸር ቤይ ውስጥ መርከቡ ሁለቱም ወገን እንዲያይ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ብርዱና ጾሙ

የሰሜን ሸዋ ሰው «ብርድ ለኛ ምን ይነግረናል» ይላል። እውነትም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የለመደ ሰው የአላስካ በጋ አያስደነግጠውም፤ ቀን ቀን ከ10 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ስለሆነ ትንፋሽም አያጥርም። የማናውቀው እርጥበቱን ነው። ከቺካን በምትባለው ወደብ በዓመት ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ይጥላል። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ካፊያ ከነካው ውሃውን ይጠጣና ያቀዘቅዛል። ጋቢው ለክፍሉ ይሁን። ለውጭ ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት። የመንዝ ባና ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ይከብዳል፣ ሻንጣም ይሞላል፤ ግን ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን አይጥልም። በረዶው ፊት ወንበር ላይ ለሚቀመጡ እናት ከመርከቡ ብርድ ልብስ ይሻላል።

ጊዜውን ስትመርጡ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ አጠገባችሁ አድርጉ። የአላስካ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም አካባቢ ነው። በዚህ መሃል የሐዋርያት ጾም አለ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ። እናቶቻችን ፍልሰታን ለመርከብ ብለው አይፈቱም፤ በቡፌው ሽታ መሃል እነሱን ይዞ መዞርም ደግ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ደግነቱ ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ በዚያ አገር ከነሐሴና ከመስከረም ያነሰ ዝናብ የሚዘንብበት ነው። ግንቦት ላይ ዋጋውም ቀነስ ይላል። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ይውላል። ግንቦትን ሙሉ መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። ካልሆነ ከሐምሌ 5 በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ያለው ጊዜ አለ፤ እሱ ግን ውድና ሰው የሚበዛበት ነው።

በጾም መሄድ የግድ ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ «ቬጋን» ተብሎ ይመዝገብ። ገና በመጀመሪያው ማታ የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ አነጋግሩና ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማይነካ አስረዱ። ብዙ መርከቦች የህንድ ወጥ ቤት ሠራተኞች ስላሏቸው ምስር በቅመም ማግኘት አይከብድም፤ ቅቤ እንዳይገባበት ግን ደግማችሁ ንገሩ። በርበሬና ሽሮ ይዞ መሳፈር ይቻላል ወይ የሚለኝ አለ። የታሸገ ደረቅ በርበሬ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ክፍል ውስጥ ማብሰያ ግን አይፈቀድም፣ ምድጃ ይዞ የተገኘ ይወሰድበታል። ሽሮውን ልጆቹ ቤት አቆዩት።

ሒሳቡን ስትሠሩ ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የወደብ ክፍያንና ጉርሻን ላይጨምር እንደሚችል አስቡ። ጉርሻው በራሱ የሚቆረጥ ነው፤ በትልልቆቹ መርከቦች ለአንድ ሰው በቀን ከ15 ዶላር በላይ ነው። አራት ሰው ለአንድ ሳምንት ሲሆን ከ400 ዶላር ያልፋል። ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ የሚለውን ጠይቁ። ብዙ የጉዞ መድን የቪዛ መከልከልን አይሸፍንም። የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጧችሁ፣ የኤምባሲውንም ቀጠሮ ከዚያ ቀን በፊት አድርጉት።